«አኻያዎቹ»ን ለአባቴ እያነበብኩለት ነው፤ ስም የሌለውን ነገር ምን ብዬ ልጥራው?

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ሁለት ነው፤ ግን ከየት እንደመጣ ካልነገርኳችሁ ስለማይገባችሁ ትንሽ ታገሡኝ።

አባቴ ሰባ ስምንት ዓመት ሞልቶታል። የሥራ ዘመኑን ያሳለፈው በምድር ባቡር ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። ከብረት ቀጥሎ የሚወደው ንባብ ነበር፤ ጋዜጣ ሆነ የታሪክ መጽሐፍ፣ እጁ የገባውን ሁሉ ያነብ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ዓይኑ ከድቶታል። ፊቴን የሚያውቀው አሁን በድምፄ ነው። ስለዚህ ማታ ማታ፣ በግቢያችን ሲሚንቶ ላይ ውኃ ረጭቼ የቀኑ ሙቀት ሲበርድ፣ ሁለት ወንበር በረንዳ ላይ አውጥቼ አነብለታለሁ። ቤት ውስጥ የነበሩንን የአማርኛ ልብ ወለዶች ጨርሰናል፤ አንዳንዶቹን ደግመናቸዋል።

አሁን የያዝነው የእንግሊዛዊው ደራሲ የአልጀርኖን ብላክዉድ «አኻያዎቹ» ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1907 የወጣ አጭር ሥራ ነው። ባቡር ድሬዳዋ የገባው በ1902 ስለሆነ፣ ይህ ታሪክ ሲታተም ከተማችን ገና የአምስት ዓመት ሕፃን ነበረች፤ ይህንን ለአባቴ ስነግረው ደስ አለው። ፈጣን አንባቢ በአንድ ረጅም ምሽት ሊጨርሰው ይችላል። እኔ ግን እንግሊዝኛውን በዓይኔ እያየሁ በአፌ አማርኛ ስለማደርገው፣ በአንድ ማታ ከሦስት ገጽ አናልፍም።

ታሪኩን ለማታውቁት፣ መጨረሻውን ሳላወጣ ልንገራችሁ። ተራኪውና «ስዊድናዊው» ተብሎ ብቻ የሚጠራው ጓደኛው በታንኳ ዳኑብ ወንዝን ይወርዳሉ። ወቅቱ በጋቸው ቢሆንም ወንዙ ሞልቷል። ዛሬ ብራቲስላቫ የምትባለውን ከተማ ካለፉ በኋላ ወንዙ ዳርቻውን ጥሎ ይበተናል። መንደር የለም፣ እርሻ የለም፣ ዓሣ አጥማጅ እንኳ የለም፤ ውኃና አሸዋ፣ ከዚያም ማለቂያ የሌለው የአኻያ ቁጥቋጦ። ስንቅ የሸመቱበት ሱቅ ውስጥ አንድ የሀንጋሪ መኮንን አስጠንቅቋቸው ነበር። ለማደር የወጡባት ደሴት አንድ ኤከር የማትሞላ የአሸዋ ክምር ናት፤ ጎርፉም ከዳር እየገመሰ ይወስዳታል። ሌሊት አንድ ነገር ይሆናል። በማግስቱ ከመቅዘፊያዎቹ አንዱ የለም፣ ታንኳው ሆዱ ላይ ተቀዷል፣ አሸዋው ላይ ደግሞ አፋቸው ሰፊ ሥራቸው ሹል የሆኑ ጉድጓዶች ይታያሉ። አንዳንዱ የቡና ሲኒ፣ አንዳንዱ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ያህላል።

የመጀመሪያው ችግሬ ይህ ነው። ደራሲው ወደ ደሴቷ ከመድረሱ በፊት ወንዙን ብቻ ለብዙ ገጽ ይስለዋል። ሲወለድ በጥድ ጫካ መካከል ሲፍለቀለቅ፣ ሲያድግ፣ ሲቆጣ፣ ሲዘፍን። ከዚያ ደግሞ አኻያዎቹን ይጀምራል፤ ነፋሱ ሲገለብጣቸው ቅጠላቸው ብር ሲመስል፣ ሜዳው በሙሉ ሲንቀሳቀስ። ዓረፍተ ነገሮቹ ረጃጅም ናቸው፤ አንዱን ለመጨረስ ሁለት ጊዜ እተነፍሳለሁ። በሁለተኛው ማታ አባቴ «እስካሁን ምን ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ምንም» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? ይህን ክፍል አሳጥሬ ወደ ሌሊቱ ልለፍ ወይስ ሁሉንም ላንብብለት?

ሁለተኛው ይከብደኛል። ሌሊት ላይ የሚመጡት ነገሮች ስም የላቸውም። ደራሲው «እነርሱ» ብቻ ይላቸዋል፤ እንግሊዝኛው ቃል ላይ ዓይን ሲያርፍ ሰውነት ቀዝቀዝ ይላል። «እነርሱ» ባልኩ ቁጥር አባቴ ያቋርጠኛል። «ምንድን ናቸው? ጅኒ ናቸው? ዛር? የወንዙ ቆሌ?» ይለኛል። ሊያስቸግረኝ ፈልጎ አይደለም፤ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። አንድ ማታ ደክሞኝ «እሺ፣ ጅኒዎች ናቸው» ልለው ከአፌ ጫፍ ላይ ደርሶ መለስኩት። ካልኩት የማይመለስ ነገር የምሰርቀው መሰለኝ።

ይህን ሥራ ያነበባችሁ፣ ወይም እንዲህ ዓይነቱን ጽሑፍ ጮክ ብላችሁ ለሰው ያነበባችሁ፣ እባካችሁ ምከሩኝ።


ቅዳሜ አንባቢ (ድሬዳዋ)

እኔ ብሆን አሳጥረዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሠፈር ልጆች አነባለሁ፤ የተማርኩት ነገር ቢኖር ጆሮ ከዓይን ቶሎ እንደሚደክም ነው። በዓይኑ የሚያነብ ሰው ሲሰለቸው ሁለት መስመር ይዘላል፤ አድማጭ ግን ይህ ዕድል የለውም፣ የሚዘልለት አንባቢው ነው። ወንዙን በአንድ ገጽ ጨርሺው፤ የአኻያዎቹን መንቀሳቀስ ግን አትንኪ፣ በኋላ ይፈለጋል። አባትሽ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ሌሊቱ ሳይደርስ ቢሰለቹ ሁሉንም ታሳጫቸዋለሽ። ስሙን በተመለከተ ለሌሎች እተወዋለሁ።


የጀጎል መምህር (ሐረር)

እህቴ፣ ከላይ የጻፈው ወንድሜ በቅንነት ነው የመከረሽ፤ እኔ ግን አንዲት መስመር እንዳትቆርጪ እለምንሻለሁ።

ምክንያቴን ልንገርሽ። ይህን ታሪክ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ እኔም ወንዙን ዘልዬ ሄድኩ፤ ሌሊቱ ሲመጣ ምንም አልተሰማኝም። መጽሐፉን «የተጋነነ» ብዬ አስቀመጥኩት። በሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ቃል ጀመርኩና ደራሲው ምን እንዳደረገ ገባኝ። ወንዙን ሕይወት ያለው ፍጡር አድርጎ ሲስለው እኛ የምንቀበለው እንደ ቅኔ ነው። ልጅ ነው ሲለን፣ ይጫወታል ሲለን፣ ይዘፍናል ሲለን፣ «ውብ አነጋገር» ብለን ፈገግ እያልን እናልፋለን። እንዲህ እያለ ሃያና ሠላሳ ጊዜ ያስማማናል። ከዚያ አኻያዎቹ ያዩናል፣ ይሰሙናል፣ ወደ ድንኳኑ ቀረብ ብለዋል ሲለን «አይ፣ ይህ እንኳ አይሆንም» የምንልበት አቅም የለንም፤ ወንዙ ልጅ ነው ሲለን ፈርመናል። የመጀመሪያውን ክፍል ከቆረጥሽ አባትሽ ሳይፈርም ወደ ሌሊቱ ይገባል፤ ያን ጊዜ «ቁጥቋጦ እንዴት ይራመዳል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ እውነት አለውም።

ስዊድናዊውንም ልብ በዪው። ተራኪው ደጋግሞ ይህ ጓደኛዬ ምናብ የሌለው፣ ከእጁ ሥራ በቀር የማይታየው ሰው ነው ይለናል። እርሱም ግን ይንቀጠቀጣል። ባለቅኔ ቢፈራ ማን ያምነዋል? ታንኳ የሚጠግን ሰው መቅዘፊያውን አገላብጦ አይቶ ድምፁ ሲለወጥ ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል። አባትሽ በብረት የኖረ ሰው ነው ብለሻል። ስዊድናዊውን ከማናችንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ይመስለኛል። እርሱ የሚናገርባቸውን ቦታዎች ቀስ ብለሽ አንብቢለት።

አሁን ወደ ጅኒው። ጅኒ እንዳትያቸው። የምጽፍልሽ ከጀጎል ግንብ ውስጥ ነው፤ እኛ ከጅብ ጋር የኖርን ሰዎች ነን። ግንቡ በአሚር ኑር ዘመን ሲሠራ የጀመረ ነው እየተባለ ይነገራል እንጂ ውሉ መቼ እንደተቋጠረ ማን ያውቃል፤ ብቻ ግንቡ ላይ ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ፣ ሌሊት ይገባሉ፣ ያገኙትን በልተው ይወጣሉ። በዓሹራ ሰሞን ገንፎ ይቀርብላቸዋል፤ እንዴት እንደበሉት አይተው ሽማግሌዎች የመጪውን ዘመን መልክ ይናገራሉ። ጅብ ጅኒን ያባርራል፣ ይበላዋልም ይባላል። ታዲያ አየሽ፣ እኛ ዘንድ አስፈሪው ነገር ስም አለው፣ የሚበላው አለው፣ የሚመጣበት ሰዓት አለው። ውል አለን። ለጅኒም ቢሆን የሚባል ቃል አለ፣ የሚጨስ ዕጣን አለ።

ስዊድናዊው የሚለው ደግሞ ፍጹም ተቃራኒውን ነው። የጥንት አማልክት ቢሆኑ ይሻል ነበር ይላል፤ አማልክት መሥዋዕት ይፈልጋሉ፣ ከሰው ጋር ጉዳይ አላቸው። እነዚህ ግን ከሰው ጋር አንዳች ጉዳይ የላቸውም። ዓለማቸው ከእኛ ዓለም ጋር በአጋጣሚ በዚያች ደሴት ላይ ስለተነካካች ነው ይላል። ይህን ሳነብ ሌሊት ነበር፤ ከውጭ ጅብ ጮኸ፤ እመኚኝ፣ ደስ አለኝ። የማውቀው ድምፅ ነበር። ጅኒ ካልሽው አባትሽን ወደሚያውቀው ቤት ትመልሺዋለሽ። ታሪኩ ግን ያለው ከቤት ውጭ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። እንዲህ ዓይነቱን ጽሑፍ በአማርኛ ምን እንበለው ብዬ ተማሪዎቼን ጠይቄ ነበር። አንዷ ልጅ «እንግዳ ታሪክ» አለች። መጀመሪያ ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ቤቴ ገብቼ ሳስበው አስደነገጠኝ። እንግዳ ያልተለመደ ነገር ነው፤ እንግዳ ደግሞ ደጅ የመጣ ሰው ነው። በዚያች ደሴት ላይ እንግዶቹ ማን ናቸው? ሁለቱ ሰዎች አይደሉም? ማንም ሳይጠራቸው የገቡት፣ እዚያ እንዲቆዩ ማንም የማይፈልጋቸው እነርሱ ናቸው።


የቃል ጫኝ (አዲስ አበባ)

እንደምን አመሹ? በትርጉም ሥራ ስለምተዳደር ስለ ቋንቋው ብቻ ልናገር፤ ስለ ታሪኩ መምህሩ ያሉት ይበቃል።

«እነርሱ» የሚለውን ቃል ይጣሉት። አማርኛ አይፈልገውም። እንግሊዝኛ ግሡ ብቻውን መቆም ስለማይችል የግድ ባለቤት ይሰጠዋል፤ ደራሲው ቃሉን የጻፈው አማራጭ ስላጣ ነው። የእኛ ግስ ግን ባለቤቱን በሆዱ ይዞ ይሄዳል። «ቀረቡ።» በቃ። «ሰምተውናል።» «አላወቁንም ገና።» ማን? አልተባለም፤ ግን አሉ። አባትዎ «ምንድን ናቸው?» ብለው የሚያቋርጡዎት «እነርሱ» የሚለው ቃል ለብቻው ቆሞ ጣት ስለሚቀስር ነው። ቀጥታ ግሡን ይበሉት፤ ጣት የሚቀሰርበት ነገር አይኖርም። ስዊድናዊው ጓደኛውን ስለ እነዚያ ነገሮች እንዳያስብ ሲለምነው ደግሞ «አታስባቸው» ብለው ያንብቡ። ተሳቢው በግሡ ጅራት ላይ ተለጥፎ ነው የሚመጣው፤ ሊሸሹት ሲሞክሩ እንኳ ቃሉ ውስጥ ተቀምጧል። ይህን እንግሊዝኛው ማድረግ አይችልም። እዚህ ላይ አማርኛው ከዋናው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ እንዲህ የምልበት ጊዜ ብዙ አይደለም።

ለተደራጊው ግስም እንዲሁ ነው። «ታንኳው ተቀዷል፤ መቅዘፊያው ተፍቆ ሳስቷል።» እኛ በየቀኑ እንዲህ ስለምንናገር ማን አደረገው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጥያቄው የሚመጣው ዘግይቶ፣ ዓረፍተ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ መምጣት ያለበትም ያን ጊዜ ነው።

አንድ ነገር ግን ያስቀናኛል። እኔ አዲስ አበባ ላይ «መጡ» ብዬ ብጽፍ አንባቢው አንድ የተከበሩ ሰው ይሁኑ ብዙ ሰዎች ይሁኑ መጀመሪያ አይለይም። ድሬዳዋ ላይ አንቱታ ስለማይዘወተር አባትዎ «መጡ» ሲባሉ ብዙ መሆናቸው ወዲያው ይገባቸዋል። ለዚህ ታሪክ የትኛው እንደሚሻል አስቤ አስቤ አልቆረጥኩም። አንድም ብዙም የሚመስል ነገር ያስፈራል፤ ብዙ መሆኑ ቁርጥ ሆኖ መልኩ ያልታወቀም ያስፈራል።

አኻያን በተመለከተ፣ በሌላ ዕፅ እንዳይተኩት። አባትዎ ዛፉን አይተውት ባያውቁ እንኳ ቃሉን ሰምተውት ይሆናል፤ በመዝሙር 136 በባቢሎን ወንዞች ዳር የተቀመጡት ምርኮኞች መሰንቆአቸውን የሰቀሉት በአኻያ ላይ ነው። ወንዝ፣ የሰው አገር፣ ዝም ያለ መሰንቆ። ከዚህ የበለጠ መግቢያ አይገኝም። ብቻ «ዛፍ» እንዳይሉት። ብላክዉድ አኻያዎቹ እዚያ ዛፍ ለመሆን እንዳልበቁ፣ ግንድ እንደሌላቸው፣ እንደ ሣር እንደሚወዛወዙ አስረግጦ ይናገራል። የጤፍ ማሳ ነፋስ ሲገባበት እንዴት እንደሚሆን ያውቃሉ? ማሳው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ እርስዎ የሚመጣ ይመስላል። እርሱን ያስታውሷቸው።

ደራሲው ራሱ ዳኑብን በታንኳ ወርዷል፤ ታሪኩን ከማሳተሙ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ስለ ጉዞው በ1901 በአንድ መጽሔት ላይ ጽፏል። አሸዋው፣ ስንቁ፣ ነፋሱ እንዲህ የሚጨበጡት ስላያቸው ነው። የሚነኩ ነገሮች የተጻፉባቸውን ቦታዎች ሲያነቡ አይቸኩሉ።


የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)

ሦስታችሁንም አመሰግናለሁ። ከጻፍኩ አሥር ቀን ሆነኝ፤ ዝም ያልኩት ስለሞከርኩት ነው።

ከመጀመሪያው ቃል ጀመርኩለት። «ወንዙን እንደገና ላንብብልህ» ስለው ቅር ይለዋል ብዬ ነበር። «አንብቢ፣ ምን ሥራ አለኝ» አለኝ። ከማንበቤ በፊት የመዝሙሩን ነገር አነሣሁለት። አባቴ ዳዊት የሚደግም ሰው ነው፤ «አኻያ እኮ የባቢሎኑ ነው!» ብሎ ቀና አለ፤ እስካሁን ቃሉን ስጠራ በእንግሊዝኛ የምጠራ መስሎት እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ወንዙን ሳነብለት አንድ ጊዜም «ምን ሆነ?» አላለኝም። በሦስተኛው ማታ ራሱ «ይሄ ወንዝ ጠባዩ አያምርም» አለ። መምህር፣ ያልከው ፊርማ ይህ ነው መሰለኝ።

«እነርሱ»ንም አውጥቼ ጣልኩት። መጀመሪያ ምላሴ ላይ ከብዶኝ ነበር፤ እንግሊዝኛው ገጽ ላይ ያ ቃል እያየኝ አለመጥራት ቀላል አይደለም። «ቀረቡ» ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ስናገር ቀና ብዬ አየሁት። አላቋረጠኝም። እጁን ከወንበሩ መደገፊያ ላይ አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አኖረ።

ጉድጓዶቹ ጋ ስንደርስ ግን ቃል አልበቃኝም። ሰፊ አፍ፣ ሹል ሥር እያልኩ ሦስት ጊዜ ብደጋግም «እንዴት ያለ ነው?» ይለኛል። ትልቁን ትሪ ይዤ ወጣሁና ጎረቤት ለግንባታ ከተከመረው አሸዋ ሞልቼ መጣሁ። ውኃ ያልነካውን ደረቁን መረጥኩ። ትሪውን ጭኑ ላይ አስቀምጬ በጣቴ አንድ ጉድጓድ ሠራሁ፤ ሾጣጣ ሆኖ፣ አሸዋው ከጠርዙ ወደ ሥሩ ፍስስ እያለ። ጣቱን ይዤ ጠርዙ ላይ አስነካሁት። ቀስ ብሎ ዙሪያውን ሄደበት፤ ከዚያ ወደ ውስጥ አስገባው፤ አሸዋው እየተናደ ጣቱን እስከ ሁለተኛው አንጓ ዋጠው። «አውቀዋለሁ» አለኝ። «ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ልጅ ሆነን እናየው የነበረው ነው። ጉንዳን የምታጠምደው ትንሽ ነፍሳት የምትሠራው። በሣር እንኮረኩረውና ስትወጣ እናያታለን።» እኔም በልጅነቴ ያንኑ አድርጌያለሁ። ጉንዳኗ ጠርዙ ላይ ስትደርስ አሸዋው ይከዳታል፤ ለመውጣት በታገለች ቁጥር ወደ ታች ትወርዳለች፤ ከሥር የሚጠብቃትን አታየውም። አባቴ ጣቱን ሳያወጣ ትንሽ ቆየና «እንግዲህ ሰዎቹ ጉንዳኖቹ ናቸው ማለት ነው» አለ። ደራሲው ይህን አላለም። እኔ ግን ከዚያ ማታ ወዲህ ሌላ አድርጌ ማንበብ አልቻልኩም።

ከዚያ ድምፁ መጣ። ታሪኩ ውስጥ ደሴቷ ላይ አንድ ድምፅ አለ፤ ትልቅ የነሐስ ደወል ርቆ ተመትቶ እንደሚቀር ዓይነት። ከላይ ይሁን ከውኃው ሥር፣ ከአኻያዎቹ ይሁን ከራስ ውስጥ፣ አይለይም። ይህን ሳነብለት አባቴ «የሐዲድ ቁራጭ ነው» አለኝ። ድሮ ትምህርት ቤታችን ውስጥ በገመድ የተንጠለጠለ የሐዲድ ቁራጭ ነበር፤ ዘበኛው በብረት ሲመታው ልጅ ሁሉ ይሰለፋል። አባቴ የሚለው ምቱን አይደለም። ምቱ ካለቀ በኋላ ብረቱ ውስጥ የሚቀረውን ነው፤ ጆሮህን ካስጠጋህ የሚሰማውን፣ ጥርስ ላይ የሚሰማውን። ቃል ጫኝ፣ «ነሐስ» የሚለውን ትቼ አሁን እንዲህ ነው የማነብለት፦ ሐዲድ ተመትቶ የሚቀረው ድምፅ። ጥፋት ከሆነ ይቅር በሉኝ።

ያን ማታ ንባቡ እዚያ ላይ ቆመ። አባቴ ስለ ጎርፉ ማውራት ጀመረ። ከድሬ ላልሆናችሁ፣ ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሌሊት ሞልቶ መጣ፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። እኔ ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፤ ቤታችን ስለ ሌሊቱ አይወራም ነበር። አባቴ ሲነግረኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። «እኛ ዘንድ የጣለው ዝናብ ለዚያ የሚያበቃ አልነበረም» አለኝ። «የዘነበው ደጋው ላይ፣ በደንገጎ በኩል ነው። ከእንቅልፌ የነቃሁት በድምፅ ነው። ባቡር መሰለኝ። ተነሥቼ ተቀመጥኩና በዚያ ሰዓት የሚገባ ባቡር እንደሌለ አሰብኩ። እኔ ካላወቅሁ ማን ያውቃል? ከየት በኩል እንደሆነ ለመስማት ሞከርኩ፤ በሁሉም በኩል ነበር። መሬቱ ውስጥም ነበር፤ እግሬ ሥር ይሰማኛል። ውኃ ይሆናል ብዬ አንድ ጊዜም አላሰብኩም። የሚፈራውን ነገር ስም ባወቅሁት ኖሮ እናንተን ቶሎ አስነሥቼ እወጣ ነበር። ስሙን እየፈለግሁ ቁጭ አልኩ።»

ከዚያ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። እኛ ተርፈናል፤ ከሠፈራችን ያልተረፉ አሉ።


ቅዳሜ አንባቢ (ድሬዳዋ)

ከላይ ያልኩትን አንስቻለሁ፤ እንዳትቆርጪ። ግን አንድ ነገር ልለምንሽ። የኔም ቤተሰብ ያን ሌሊት ያውቀዋል። ከዚህ በኋላ ያለው ክፍል ውኃና ሰው አንድ ላይ የሚመጡበት ነው። አባትሽን ሳትጠይቂ እንዳትገቢበት፤ ደግሞ ብቻቸውን እንዲያድሩ አታድርጊ።


የጀጎል መምህር (ሐረር)

ቅዳሜ አንባቢ ትክክል ነው። መጨረሻው ላይ ያለውን ታውቂዋለሽ፤ አስቀድመሽ ንገሪው፣ ከዚያ እርሱ ይወስን። ድንገተኛነቱ ቢቀር ታሪኩ አይጎዳም፤ ይህ ጽሑፍ በድንገት የሚያስደነግጥ አይደለም።

ትሪ ላይ ያለውን አሸዋ ግን ነገ ለተማሪዎቼ ይዤላቸው እገባለሁ።


የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)

ነገርኩት። መጨረሻው ላይ ወንዙ ውስጥ ሰው እንዳለ፣ በሕይወት የሌለ ሰው እንደሆነ፣ ከፈለገ እዚህ ላይ ማቆም እንደምንችል። ብዙ አሰበ። «ስዊድናዊውን እዚያ ደሴት ላይ ጥለነው አንሄድም» አለኝ።

ትናንት ማታ ቀጠልን። እራት ሊሠሩ ነው፤ ስዊድናዊው የስንቁን ከረጢት አውጥቶ ያራግፈዋል፤ ዳቦው የለም። «ዳቦው የለም» ብዬ አነበብኩና ቆምኩ፤ እንግሊዝኛውም እዚያ ላይ ትንፋሽ ይሰጣል። አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ከንፈሩ ተከፈተ። «ማን—» አለ።

ጠበቅሁት።

«ተይው» አለኝ። «አንብቢ።»

ወንበሩን ወደ እኔ ወንበር አስጠጋልኝ። የቀረን ጥቂት ገጽ ነው፤ ዛሬ ማታ አልጋዬን እርሱ ክፍል አነጥፋለሁ።